ከተያዘብኝ 36,800 ብር ስንቱ ይመለሳል? ለአንዲት የቡሬ በርበሬ አቅራቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ቡሬ ነው። ዛላ በርበሬና የሽሮ እህል ከገበሬ እየገዛሁ፣ አስቀንጥሼና በራሴ ወፍጮ አስፈጭቼ ለመንግሥት ተቋማት ምግብ ቤት በጨረታ አቀርባለሁ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነኝ። በ2017 በጀት ዓመት ያለ ቫት የ1,840,000 ብር ሽያጭ አከናውኛለሁ። ሦስቱም ተቋማት ሲከፍሉኝ ሁለት ሁለት ከመቶ እየቆረጡ በድምሩ 36,800 ብር ተይዞብኛል። የሂሳብ ሠራተኛዬ ትርፌን 92,000፣ ግብሬን 16,220 ብር አድርጎ ሠርቶልኛል። ታዲያ 20,580 ብር ይመለስልኛል ማለት ነው? አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በየዓመቱ ተመላሽ ይቀበላል፤ እኛ አገር ለምን ይከብዳል? ባለቤቴ መምህር ነው፤ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር ከእኔ ጋር ተዳምሮ አይታይም? ከሦስቱ ተቋማት አንዱ በ370,000 ብር ክፍያ ላይ የቆረጠበትን ደረሰኝ እስካሁን አልሰጠኝም። ምናልባት ዕዳ ቢመጣብኝስ፣ ገንዘቡን እስካገኝ የዓመቱን ግብር ማሳወቁን ባዘገየው ምን ችግር አለው?»

ምላሽ፦ የሂሳብ ሠራተኛዎ ማባዛትና መቀነሱን አልሳተም። ለ2017 በሚሠራው ሰንጠረዥ ዓመታዊ ትርፉ ከ63,000 በላይ እስከ 93,600 ብር የሆነ ግለሰብ ነጋዴ 25 ከመቶ ይታሰብበትና 6,780 ብር ይነሣለታል። የ92,000 ብር 25 ከመቶ 23,000 ነው፤ 6,780 ሲነሣለት 16,220 ይቀራል። ከተያዘብዎት 36,800 ላይ ይህ ሲቀነስ 20,580 ብር በብልጫ የከፈሉ ይመስላል። እኔን ያላሳመነኝ ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር ነው፤ 92,000 የሚለው። በጻፉት ውስጥ ሰኔ 30 በመጋዘን ስለቀረ በርበሬ አንድም ቃል የለም። ከገበሬ ሲገዙ ምን እንዳስፈረሙም አልነገሩኝም። አንዱ የተቆራጭ ደረሰኝ ደግሞ እጅዎ አልገባም። እነዚህ ሳይጣሩ 20,580 ብሩን አገኘሁ ብለው እንዳይበደሩበት።

አስቀድሜ የአጎትዎን ልጅ ነገር ልጨርሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተቀጣሪው ራሱ በየዓመቱ ፎርም 1040 ሞልቶ እስከ ኤፕሪል 15 ያስገባል። አሠሪው በየደመወዙ የሚቆርጠው በግምት ነው፤ ዓመቱ ሲዘጋ በልጆችና በመሰል ምክንያቶች የሚገኘው ቅናሽ ተሠልቶ በብልጫ የተቆረጠው ይመለሳል፣ የጎደለው ይከፈላል። የእኛ ሕግ ገቢን በሰንጠረዥ ይለያል። ደመወዝ በሰንጠረዥ ሀ፣ የኪራይ ገቢ በሰንጠረዥ ለ፣ የንግድ ትርፍ በሰንጠረዥ ሐ፣ ሌሎች ገቢዎች በሰንጠረዥ መ ይታያሉ። አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ግብሩ በየወሩ ተቆርጦ ያልቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚሞላው ቅጽ የለም። ባለቤትዎ ተመላሽ ሊጠይቁ የሚችሉት መሥሪያ ቤታቸው አሳስቶ ከቆረጠ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው የሚያሳውቁበት አሠራርም የለንም፤ ስለዚህ የእርሳቸው ደመወዝ የእርስዎን ግብር አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም። (የሰንጠረዡን ሐ ከደረጃ ሐ ጋር አያምታቱት። ሰንጠረዡ የገቢውን ዓይነት፣ ደረጃው የነጋዴውን የሽያጭ መጠን ነው የሚለየው። ፊደሎቹ አንድ ስለሆኑ በገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር ሰው ሲከራከርባቸው ይሰማል።)

ተመላሽ የሚባለው ነገር በእኛ አገር በዋናነት የሚመለከተው እንደ እርስዎ ያለውን አቅራቢ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለ2017 በሚሠራው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በአንድ ግብይት ወይም ውል ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ፣ ከ3,000 ብር በላይ አገልግሎት ሲገዙ 2 ከመቶ ቀንሰው ለግብር ሰብሳቢው ያስገቡ ነበር። ይህ 2 ከመቶ የሚታሰበው ከሽያጩ ነው፤ አትራፊ ሁኑ ኪሳራ ላይ ሁኑ አይጠይቅም። የእርስዎ ትርፍ በእውነት 92,000 ከሆነ ከሽያጭዎ 5 ከመቶ ብቻ ነው፤ የተያዘብዎት 36,800 ደግሞ የትርፍዎን 40 ከመቶ ወስዷል ማለት ነው። የግብሩ ትልቁ መጣኔ እንኳ 35 ከመቶ ነው። ትርፉ ከሽያጩ ወደ 5.7 ከመቶ በታች የሚወርድ አቅራቢ ሁሉ፣ ወረቀቱ የተሟላ እስከሆነ ድረስ፣ ከሚደርስበት ግብር በላይ ተይዞበታል። ስለዚህ ጥያቄዎ መሠረት አለው። ችግሩ ያንን 5 ከመቶ ጽሕፈት ቤቱ እንዲቀበለው ማድረጉ ላይ ነው። በርበሬ አስቀንጥሶ፣ ቀምሞ፣ አስፈጭቶ የሚሸጥ ሰው ትርፉ ይህን ያህል ቀጭን ነው ሲባል የሚመረምረው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው የግዥ ሰነድ ነው፤ ተመላሽ ገንዘብ ሲጠየቅበት ደግሞ ጥያቄው ይበረታል።

ከመጋዘኑ እንጀምር። በርበሬ የሚገዛው ገበያው ሲሞላ፣ ዋጋው ሳይወጣ ነው፤ የሚሸጠው ዓመቱን ሙሉ። ስለዚህ ሰኔ 30 ማታ በመጋዘንዎ በዛላም በዱቄትም የቀረ መኖሩ አይቀርም። ያ ዕቃ የ2017 ወጪ አይደለም፤ የተገዛበት ዋጋ ከግዥው ላይ ተነሥቶ ለ2018 መክፈቻ ይሆናል። የሂሳብ ሠራተኛዎ የዓመቱን ግዥ በሙሉ ከሽያጩ ላይ ቀንሶ ከሆነ ትርፍዎን በቀረው ዕቃ ልክ አሳንሶታል። ለምሳሌ የቀረው በተገዛበት ዋጋ 60,000 ብር ቢሆን ትርፉ 152,000 ይሆናል። ከ130,800 ብር በላይ ሲሆን 35 ከመቶ ታስቦ 18,000 ይነሣል፤ ግብሩ 35,200 ይመጣል። የጠበቁት 20,580 ብር 1,600 ብር ሆነ። አንድ የቆጠራ ወረቀት ባለመኖሩ ብቻ!

ቆጠራውን ሰኔ 30 አላደረጉት ከሆነ ዛሬ የፈጠራ ዝርዝር አይጻፉ። ከሐምሌ ወዲህ ያወጡትን ሽያጭና የገዙትን ግዥ ይዘው ዛሬ በመጋዘን ካለው ወደ ኋላ ሠርተው ይድረሱበት፤ አሠራሩንም በወረቀት አስፍረው ፈርመው ያስቀምጡ። እዚህ ላይ የበርበሬ ነጋዴ ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ የገዙት ኩንታልና የሸጡት ኪሎ ፈጽሞ አይገጣጠምም። ዛላው ሲደርቅ ይቀላል፣ ሲቀነጠስ እጀታው ይወጣል፣ በወፍጮ ይበናል። መርማሪው ግን የገዙትን 100 ኪሎ ከሸጡት ጋር አስተያይቶ «የጎደለው የት ተሸጠ?» ይላል። መልሱ አፍ ላይ ብቻ ከሆነ የጎደለው ኪሎ ያልተመዘገበ ሽያጭ ተደርጎ ይያዛል። ስለዚህ አንድ ኩንታል በሰው ፊት መዝኑ፣ አስቀንጥሱ፣ አስፈጩ፣ እንደገና መዝኑ፤ የቀረውን በቃለ ጉባኤ መልክ ይዛችሁ የተገኙት ይፈርሙ። በቅመም የሚጨመረውንም ለይታችሁ ጻፉ። ይህ ለብቻው የሚያሳምን ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ ባዶ እጅ ከመቅረብ ግን በብዙ ይሻላል።

ወደ ግዥው እንምጣ፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ የመቁረጥ ግዴታም የለበትም። ይህ ማለት ግን ግዥዎ ያለ ሰነድ ተቀባይነት ያገኛል ማለት አይደለም። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ከሌለበት ሰው ሲገዛ ገዢው ራሱ የሚያዘጋጀው፣ በግብር ሰብሳቢው ዕውቅና የታተመ የግዥ ቫውቸር አለ። ያንን ቫውቸር አውጡና አንዱን በእጅዎ ይዘው ይመልከቱት። የገበሬው ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ቀበሌው፣ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ የገዙት ዓይነት፣ ስንት ኩንታል በስንት ብር፣ ቀኑ፣ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው አለበት? በየገበያው የማየው ግን ሌላ ነው፦ በአንድ ገጽ ላይ «ከልዩ ልዩ ገበሬዎች 38 ኩንታል» ተብሎ የተጻፈ፣ ሁሉም ፊርማ በአንድ እስክርቢቶና በአንድ እጅ የተፈረመ ወረቀት። እንዲህ ያለው ገና ሲገለጥ ይጣላል። ዕቃውን ከመጋዘን ባለቤት ወይም ከሌላ ነጋዴ ገዝተው ከሆነ ደግሞ ቫውቸር አይሠራም፤ እርሱ ነጋዴ ነውና ደረሰኙን ከራሱ ይጠይቁት። በደላላ በኩል ከመጣና ሻጩን ካላዩት፣ ደላላው ገበሬ ስላልሆነ የእርሱ ስም በቫውቸሩ ላይ ቢጻፍ አይረዳዎትም።

ከግዥዎ ውስጥ ሰነዱ የማያረካ ስንት ብር እንዳለ ለይተው ያውጡ። 140,000 ብር ነው እንበል። ቅድም ካስተካከልነው 152,000 ትርፍ ላይ ሲደመር 292,000 ይሆናል፤ ግብሩም 84,200 ብር ነው። የተያዘው 36,800 ሲቀናነስ ተመላሽ መሆኑ ቀርቶ 47,400 ብር ይከፍላሉ። ያኛው ተቋም ደረሰኙን ሳይሰጥ ከቀረ የ7,400 ብሩ መያዣ ሊታሰብልዎት ስለማይችል ዕዳው 54,800 ብር ይደርሳል። ሽያጭዎ አልተለወጠም፣ የተያዘብዎት አልተለወጠም፤ የተለወጠው በፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው።

እርማቱ ሁሉ ትርፉን ወደ ላይ የሚያወጣ አይምሰልዎት፤ ሊቀነስ እየተገባው የተረሳም ሊኖር ይችላል። የወፍጮው የእርጅና ቅናሽ ተይዟል? ማሽኑ የተገዛበት ዋጋ በአንድ ዓመት አይቀነስም፤ እንዲህ ላለው ንብረት በእኩል ዘዴ ከሆነ በዓመት 15 ከመቶ፣ በተቀናሽ ዘዴ ከሆነ 20 ከመቶ ነው፤ የመረጡትን ዘዴ በየዓመቱ አይቀያይሩም። የጨረታ ሰነድ የገዙበት፣ ባንኩ ለጨረታ ማስከበሪያ ዋስትና የወሰደው ኮሚሽን፣ የመብራት፣ ደረሰኝ ያለው የመኪና ኪራይ፣ የመጋዘኑ ኪራይ (ውልና ደረሰኝ ካለው) ሁሉ የንግድዎ ወጪ ናቸው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመኖሪያ ቤት ወጪ፣ ቅጣትና የግብር ወለድ ግን ወጪ አይሆኑም፤ ሠራተኛዎ ከቀላቀላቸው ያውጧቸው።

የሚቀነጥሱት ሴቶችና የጫኝ አውራጆች ክፍያ ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ነው። ለእነዚህ ማንም ደረሰኝ አያመጣም። የሚሠራው ስማቸው፣ የሠሩበት ቀን፣ የተከፈላቸውና ፊርማቸው ያለበት የክፍያ ዝርዝር ነው። ወሩን ሙሉ እየሠራች ከ600 ብር በላይ ያገኘች ሠራተኛ ካለች በ2017 ሕግ የደመወዝ ግብር ሊቆረጥላት ይገባ ነበር፤ ቋሚ ከሆነች የጡረታ መዋጮም አለ፤ ከእርሷ 7፣ ከአሠሪዋ 11 ከመቶ። ግብሩን ሳይቆርጡ ወጪውን ብቻ የሚያሳዩ አሠሪዎች ወጪያቸው ሲመረመር ያልቆረጡት ግብርም አብሮ ይጠየቃል። ከ2017 ሐምሌ 1 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 2,000 ብር ስለደረሰ ይህ ጣጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀልላል።

የቀረው ደረሰኝ፦ ተቋሙ የያዘብዎትን ገንዘብ ከተያዘበት ወር መጨረሻ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ገንዘብ ያዡ «ፋይናንስ ኃላፊው የሉም» እያለ ካመላለሰዎት በቃል መመላለሱን ትተው በደብዳቤ ይጠይቁ። በደብዳቤው የውሉን ቁጥር፣ የተከፈለዎትን ቀንና መጠን፣ የተቆረጠውን 7,400 ብር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይጻፉና ቅጂውን የመዝገብ ቤት ቁጥር አስወጥተው ይያዙ። ደረሰኙ ሲመጣ ሳያዩ አይጨብጡት። የመለያ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ቢሳሳት፣ ስሙ በንግድ ፈቃድዎ ላይ ካለው ጋር ባይገጥም፣ ገንዘቡ በሌላ አቅራቢ ስም ተመዝግቦ ያርፋል። የተቆረጠብዎት መሆኑን የሚያሳየውን የክፍያ ሰነድና የባንክ መግለጫም ያያይዙ። ደረሰኙ እስከ ጥቅምት 30 ካልደረሰ ግን እርሱን እየጠበቁ ማሳወቁን አያዘግዩ፤ በእጅዎ ባለው አሳውቀው፣ የደብዳቤውን ቅጂ አያይዘው፣ ደረሰኙ ሲመጣ ማስተካከያ ያቅርቡ። ቫት የተያዘበትን ደረሰኝ ከዚህ ጋር አይቀላቅሉ። እርሱ ለቫት ሂሳብዎ ነው፤ በትርፍ ግብሩ ላይ ቢያስገቡት መልሶ ይወጣል።

አሁን ወደ ውሳኔው። ሁሉም ተጣርቶ በእውነት ብልጫ ቢቀር ሕጉ የሚከተለው ቅደም ተከተል አለው። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ጽሕፈት ቤቱ ብልጫውን መጀመሪያ በገቢ ግብር፣ ከዚያም በሌላ ግብር ካለብዎት ዕዳ ጋር ያቻችለዋል። የቀረውን በጽሑፍ ከተስማሙ ለሚቀጥለው ግብርዎ ያዞረዋል፤ ካልተስማሙ ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ይህ የፌዴራሉ አዋጅ ነው። እርስዎ ግለሰብ ነጋዴ በመሆንዎ ግብርዎ የክልሉ ነው፤ የሚያሳውቁትም ለከተማዎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። የአማራ ክልል አዋጆች በተመሳሳይ ቅርጽ የተዘጋጁ ቢሆኑም የቀኖቹንና የዝቅተኛ ቅጣቱን ዝርዝር በክልሉ አዋጅ መሠረት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀው ያረጋግጡ። በጥሬ ገንዘብ መመለስ ከመዝገብ ምርመራ ጋር የሚመጣ ነገር ነው፤ ለጥቂት ሺህ ብር ፋይልዎን በሙሉ ማስገለጥ ትርፉ አይታየኝም። በየዓመቱ እያቀረቡ በየዓመቱ ከክፍያው ለሚያዝብዎት ሰው ይዞር ማለቱ ይሻላል። ንግዱን የሚዘጉ ከሆነ ወይም ብልጫው ትልቅ ሆኖ ቫውቸሩም ቆጠራውም ያለ እንከን ከሆነ ብቻ ገንዘቡን ይጠይቁ። ምርመራ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወረቀቱ የተሟላ ሰው ሊፈራው አይገባም።

ዕዳ ከመጣስ? ገንዘብ እስኪገኝ ማሳወቁን ማዘግየት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ሁለቱ ግዴታዎች የተለያዩ፣ ቅጣታቸውም የተለያየ ነውና። ዘግይቶ ማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር 5 ከመቶ ጀምሮ እስከ 25 ከመቶ ድረስ ያስቀጣል፤ በፌዴራሉ አዋጅ ቅጣቱ ከ10,000 ብርና ከግብሩ ሙሉ መጠን ከሚያንሰው በታች አይወርድም። 47,400 ብር ካለብዎት አንድ ቀን ማሳለፍ 10,000 ሊያስወጣዎት ይችላል። የሚከፈል ግብር የለብኝም ብሎ የዘገየ ሰው እንኳ በዚያው አዋጅ 10,000 ብር ይቀጣል፤ ስለዚህ «ተመላሽ ስላለኝ አልቸኩልም» የሚለው ሐሳብም አያዋጣም። በሰዓቱ አሳውቀው ሳይከፍሉ ከቀሩ ግን የሚመጣው የክፍያ መዘግየት ቅጣት ነው፦ ለመጀመሪያው ወር 5 ከመቶ (በምሳሌያችን 2,370 ብር)፣ ከዚያ በየወሩ 2 ከመቶ (948 ብር)፣ በላዩም ወለድ። ወለዱ የንግድ ባንኮች ከፍተኛ የማበደሪያ ወለድ 15 ከመቶ ተጨምሮበት ስለሚሰላ ቀላል አይደለም፤ ከባንክ መበደር ሳይሻል አይቀርም። ያለዎትን ያህል በዚያው ቀን ይክፈሉና ለቀሪው የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጽሕፈት ቤቱ በየተወሰነ ጊዜ እንዲከፍሉ ሊፈቅድ ይችላል፤ ወለዱ ግን መቆጠሩን አያቆምም። መንገድ ተዘግቶ ወይም ታመው በሰዓቱ መድረስ ካልቻሉ የማሳወቂያ ጊዜ እንዲራዘምልዎት ቀኑ ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ይህም ቢሆን የሚራዘመው ማሳወቁ እንጂ የመክፈያው ቀን አይደለም።

ሁለት ነገር አደራ። የጎደለውን የግዥ ሰነድ በመቶ እየታሰበ በሚሸጥ ደረሰኝ እንሙላው የሚል ሰው ወደ እርስዎ ከመጣ አይስሙት። ያ ወንጀል ነው፣ እሥራት አለበት፤ የተቆረጠበት ነጋዴ ፋይል ሲመረመር የእርስዎም ስም አብሮ ይወጣል። ሰነድ የጎደለበትን 140,000 ብር ራስዎ አውጥተው ግብሩን መክፈል ያማል፤ ጽሕፈት ቤቱ ቢያወጣው ግን ግብሩ ላይ አሳንሶ የማሳወቅ ቅጣት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የጎደለው ግብር 10 ከመቶ፣ ይጨመርበታል። ሌላው አደራ ሰንጠረዡን ይመለከታል። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ወዲህ ላለው ነው፤ አሁን የሚያሳውቁት ያለፈውን ዓመት ስለሆነ በስልክ ሰው የላከልዎትን አዲሱን ሰንጠረዥ አይጠቀሙ።

ከዚህ ተነሥተው የምመክርዎት ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ቆጠራውን ወደ ኋላ ሠርተው ይጨርሱ፤ ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ ገልጠው የማያረካውን ለብቻ ይለዩ፤ ለተቋሙ ደብዳቤውን ያስገቡ። ትርፉን እንደ አዲስ ያሠሩት፤ ሠራተኛዎ ቆጠራውን ለምን እንዳላነሣው ይጠይቁት፣ ምክንያት ካላቀረበ ሌላ ሰው ይፈልጉ። የሀብትና ዕዳ መግለጫውንና የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ራስዎ ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ተጠያቂው የሚፈርመው ግብር ከፋዩ ነው። የደረጃ ሀ ማሳወቂያ የሚዘጋው ጥቅምት 30 ቀን 2018 ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሆነውን ሰልፍ ያውቁታል፣ ከጥቅምት 15 አያሳልፉት። ብልጫ ካለ ይዞር ብለው ይጻፉ፤ ዕዳ ካለ ያለዎትን ይክፈሉና ለቀሪው ያመልክቱ። ጽሕፈት ቤቱ በግምት ወይም ወጪ ጥሎ ሌላ ግብር ቢወስን ውሳኔው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ለቅሬታ አጣሪው በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ። ስለዚህ የውሳኔ ማስታወቂያውን የተቀበሉበትን ቀን ጀርባው ላይ ይጻፉበት።

የ2018 ነገር ለብቻው ነው፤ ማሻሻያው ለደረጃ ሀ የሚጠየቀውን ዓመታዊ ሽያጭ ከ1 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ሽያጭዎ ከዚያ በታች ነውና በየትኛው ደረጃ እንደሚቀጥሉ፣ የሚዞረው ብልጫም በምን እንደሚታሰብልዎት ከጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ግን ቫውቸር ማስፈረሙን አያቋርጡ፤ የዘንድሮው በርበሬ ወደ ገበያ የሚወጣበት ወቅት ቀርቧል።